የሐኪም ፈተናና የፈታኝ ሕሊና

ሰው ባልንጀራውን ለመመዘን ይቸኩላል፤ በእጁ የያዘውን ሚዛን ለመመርመር ግን ይታክታል። ይህ ልማድ በማንኛውም ሥራ ጉዳት አለው፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን ሐኪም በሚመዘንበት ጊዜ ነው። ሚዛኑ የሳተ እንደ ሆነ ዕዳውን የሚከፍለው ፈታኙ ወይም ተፈታኙ ሳይሆን፥ ስለ ፈተናው ምንም ያልሰማው ሕመምተኛ ነውና። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር ጠቅላላ ሐኪም ለመሆን የሚሠለጥኑ ወጣቶች ስለሚመዘኑበት ፈተና የሚሰማኝን ልጽፍ ወደድሁ። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን እንደ ማንኛውም ሰው ታምሜ በሐኪም ፊት ተቀምጬ ስለማውቅ፥ በዚህ ነገር ለመናገር ድርሻ አለኝ ብዬ አምናለሁ።

አስቀድሞ የጠቅላላ ሐኪም ሥራ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። የልብ ወይም የዓይን ሐኪም ብዙውን ጊዜ የሚቀበለው ሌላ ሐኪም መርምሮ የላከለትን ሰው ነው። ጠቅላላው ሐኪም ግን በደጅ እንደ ተቀመጠ ሰው የመጣውን ሁሉ ይቀበላል። ሦስት ሰዎች ተከታትለው ገብተው ሦስቱም «ራሴን ያመኛል» ቢሉት፥ አንዱ እንቅልፍ ያጣ፥ ሁለተኛው ከባድ በሽታ የጀመረው፥ ሦስተኛው የቤቱን ኀዘን በራስ ምታት ስም ይዞ የመጣ ሊሆን ይችላል። ይህን በጥቂት ደቂቃ ለመለየት ዕውቀት ብቻ አይበቃም፤ የሚሰማ ጆሮና «ይህን አላውቅም፤ ወደሚያውቀው ልላክዎ» ለማለት የሚደፍር ልብ ያስፈልጋል። ሚካኤል ባሊንት የተባለው ሐኪም በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ጠቅላላ ሐኪም አዘውትሮ የሚሰጠው መድኃኒት ሐኪሙ ራሱ መሆኑን ያስተማረው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው በምን እንመዝነዋለን? የእንግሊዝ ጠቅላላ ሐኪሞች ኮሌጅ በ1952 ተቋቋመ፤ የአባልነት ፈተናውንም በ1965 ጀመረ። ከ2007 ወዲህ ፈተናው ለሠልጣኞች ግዴታ ሆነ። ክፍሉ ሦስት ነው። አንደኛው ዕውቀትን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ሕመምተኛን የማነጋገርና የማከም ችሎታን ያያል፤ ሦስተኛው አሠልጣኙና ባልደረቦቹ ሠልጣኙን በሥራው ላይ አይተው የሚሰጡት ምስክርነት ነው። በሁለተኛው ክፍል ቀድሞ ተፈታኙ ሕመምተኛ መስለው የሚቀርቡ 13 ተዋንያንን፥ እያንዳንዳቸውን ለ10 ደቂቃ ያነጋግር ነበር። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ይህ ቀርቶ፥ ሠልጣኞች ከእውነተኛ ሕመምተኞች ጋር ያደረጉትን ንግግር ቀርጸው እንዲልኩ ተደረገ። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ 12 ሰዎችን፥ እያንዳንዳቸውን ለ12 ደቂቃ፥ ከርቀት እንዲያነጋግሩ ሆኗል።

ይህን ፈተና የሚንቅ ሰው ይሳሳታል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው በከንቱ አይደለም፤ ያልተፈተነ ሐኪም ያልታሰረ በሬ ነው። ነገር ግን ፈተናው የት ድረስ እንደሚያይ ማወቅ ይገባል። ጆርጅ ሚለር የተባለው አሜሪካዊ መምህር በ1990 የሐኪምን ችሎታ በአራት ደረጃ ከፈለው፤ ማወቅ፥ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ፥ ሠርቶ ማሳየት፥ በመጨረሻም በየቀኑ በተግባር መሥራት። ተዋናይ የሚቀርብበት ፈተና የሚደርሰው እስከ ሦስተኛው ድረስ ነው። ፈታኝ እያየው ትሑት የሆነ ሰው፥ ማታ ደክሞት ሠላሳኛው ሕመምተኛ ሲገባ ምን እንደሚሆን አይነግረንም።

ሌላም ነገር አለ። በ2013 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፥ እዚያው እንግሊዝ አገር ከተማሩት መካከል እንኳ ነጭ ያልሆኑት ተፈታኞች በመጀመሪያው ሙከራቸው ከነጮቹ ይልቅ በብዛት ይወድቁ ነበር፤ በውጭ አገር የተማሩትም ከእነርሱ ይብሱ ነበር። በ2014 የሕንድ ተወላጅ ሐኪሞች ማኅበር ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው። ዳኛው ፈተናው ሕግን የጣሰ አይደለም ብለው ክሱን ሰረዙት፤ ሆኖም ከሳሾቹ በሕግ ባይረቱም በሞራል ረገድ ፍሬ ማግኘታቸውን ተናገሩ። ይህ ፍርድ ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነው። ሕመምተኛ ሐኪሙ የሚለውን መረዳት ስላለበት፥ ቋንቋን መመዘን ተገቢ ነው። የንግግር ቃናን እንደ ርኅራኄ ማነስ መቁጠር ግን ሚዛኑን ያጣምመዋል። ሕግ «አልበደልህም» ቢል፥ ሕሊና «እስቲ ደግመህ ተመልከት» ማለቱን አይተውም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሦስተኛው ክፍል ነው። ሠልጣኙን ለወራት በቅርብ ያየው አሠልጣኙ ነው፤ አራተኛው ደረጃም የሚታየው በእርሱ ዓይን ነው። ይሁን እንጂ የሕክምና መምህራን ራሳቸው እንደሚጽፉት፥ ብዙ አሠልጣኝ ድክመቱን እያየ «በቂ ነው» ብሎ ይፈርማል። አንዱ ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ሌላው ክርክር ይፈራል፤ ሌላውም «ፈተናው ይጥለዋል» ብሎ ያልፈዋል። ፈታኙ ደግሞ በበኩሉ «ደካማ ቢሆን አሠልጣኙ ባስቀረው ነበር» ይላል። ሁለት ዘበኞች እርስ በርሳቸው ተማምነው ቢተኙ፥ ቤቱን ማን ይጠብቀዋል?

በአገራችን ድጓ የሚማር ተማሪ ከመምህሩ ጋር ብዙ ዘመን ይቀመጣል፤ በኋላም ወደ ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። በየቀኑ የሰማው መምህርና ማስረጃውን የሚሰጠው ጉባኤ ሁለቱም ያስፈልጉታል። በቋንቋችን «የምስክር ወረቀት» የምንለውም ነገሩን በትክክል ይገልጸዋል፤ ወረቀቱ ዋጋ የሚያገኘው መስካሪው እውነተኛ ሲሆን ነውና። ያላየውን አየሁ ብሎ የፈረመ አሠልጣኝ ለሠልጣኙ አልራራለትም፤ በሕመምተኛው ላይ የሐሰት ምስክር ሆነ እንጂ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የቤተ ሰብ ሕክምና ሥልጠና በ2013 ስለ ተጀመረ፥ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

እናንተ ወጣቶች ሆይ፥ ዛሬ ተፈታኞች ናችሁ፤ ነገ ደግሞ ፈታኞች ትሆናላችሁ። ስትፈተኑ አለማወቃችሁን አትደብቁ፤ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትምና። ስትፈትኑም ድክመቱን በጊዜው፥ በፍቅርና በግልጽ ንገሩት፤ እንዲታረም ጊዜ ስጡት፤ ካልታረመም አትፈርሙለት። ይህን ያደረገ ሰው ለጊዜው ይጠላ ይሆናል፤ ሆኖም «እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር» ነው።