ብርሃን የሳለው ዶላር

ይህን ሳንቲም አንድ ጊዜ ያየ ሰው ከዚያ ወዲያ በተራ የብር ሳንቲም አይረካም! እ.ኤ.አ. በ1881 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የተመታ የሞርጋን ዶላር ነው። መብራት ሥር አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አዘንብሉት። የነጻነት ምልክት በሆነችው ሴት ጉንጭ ላይ ብሩ እንደ ተመታበት ዕለት ነጭ ነው። ከጉንጯ አለፍ ሲል ፈዛዛ ቢጫ ይመጣል፤ ቢጫው ወደ ወርቅ፣ ወርቁ ወደ ብርቱካን፣ ብርቱካኑ ወደ ሐምራዊ፣ ሐምራዊው ወደ ጥልቅ ሰማያዊ ይሻገራል። ከዋክብቱ በተደረደሩበት ጠርዝ ሲደርስ ሰማያዊው ይሳሳና እንደ ጠራ ውኃ ይሆናል። አንዱ የት አብቅቶ ሌላው የት እንደ ጀመረ ለይቶ የሚያሳይ ካለ ይምጣ!

ደግሞ እኮ በሳንቲሙ ላይ አንዲት ጠብታ ቀለም የለችም። ያለው ብር ከድኝ ጋር ተዋሕዶ ያወጣው የብር ሰልፋይድ ነው፤ ውፍረቱ የሚሊሜትር አንድ አሥር ሺኛ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ብርሃን ሲያርፍበት ከፊሉ ከሽፋኑ ላይ ይመለሳል፣ ከፊሉ ሽፋኑን አልፎ ከብሩ ነጥሮ ይመለሳል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዳንዱ ቀለም ይጠፋል፣ አንዳንዱ ይጎላል። ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ቀስተ ደመና የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ሽፋኑ በወፈረ ቁጥር ቀለሙ ይለወጣል፤ ተራው ግን አይዛነፍም። ቢጫው ሳይቀድም ሰማያዊው አይመጣም። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ሳንቲሙን እንደ ጽሑፍ ነው የማነብበው።

የጻፈው ደግሞ የሸራ ከረጢት ነው! እ.ኤ.አ. በ1878 የወጣ ሕግ የአሜሪካ ግምጃ ቤት በየወሩ ብር እየገዛ ዶላር እንዲያስመታ አስገደደ። እያንዳንዱ 26.73 ግራም የሚመዝነውን ሳንቲም ብዙ ሰው በኪሱ ሊሸከመው አልወደደም። ስለዚህ አንድ ሺህ አንድ ሺህ እየተደረገ በሸራ ከረጢት ታስሮ ወደ ካዝና ገባ። እ.ኤ.አ. በ1918 በወጣ ሌላ ሕግ ከ270 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው ቀለጠ። የተረፈው ከረጢቱ ውስጥ ተደራርቦ ቆየ። ሸራው ላይ የተለጠፈው ሳንቲም ከጨርቁ የሚወጣው ድኝ በዝግታ ደረሰው፤ ሌላ ሳንቲም የጋረደው በኩል ነጭ ሆኖ ቀረ። ከጥላው ዳር የጨረቃ ቅርጽ ያለው ቅስት የሚታየው ለዚህ ነው። አንዳንዱ ላይማ የሸራው ድርና ማግ ሳይቀር ታትሟል! እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1964 ግምጃ ቤቱ ከረጢቶቹን ሲያወጣ ነው እነዚህ ሳንቲሞች በብዛት ሰው እጅ የገቡት። ያኔ ብዙ ሰብሳቢ ነጭ ሳንቲም ይወድ ስለ ነበር ስንቱ አሲድ ውስጥ እየተነከረ ሽፋኑ ተገፈፈ። እሱን ሳስብ ያንገበግበኛል።

ዛሬ ያማረው ከነጩ ወንድሙ ብዙ እጥፍ ያወጣል፤ ዋጋ ባለበት ደግሞ አስመሳይ አይጠፋም። ምድጃ ውስጥ የሚጨምረው አለ፣ በድኝ ውሕድ የሚያጥነው አለ፣ ኬሚካል የሚቀባው አለ። ክፋቱ አንዳንዱ የሚያወጣው ሽፋን ያው የብር ሰልፋይድ መሆኑ ነው፤ ምን እንደሆነ መመርመር ብቻውን እውነተኛውን ከሐሰተኛው አይለይም። የሚለየው ዐይን ነው፤ ዐይንም ይሠለጥናል! መጀመሪያ ተራውን ፈልጉ። የችኮላ ሥራ ብዙ ጊዜ ቢጫና ወርቁን ዘልሎ የሚጮኽ ሰማያዊና ሐምራዊ ያፈስሳል። ቀጥሎ የፊደሎቹንና የከዋክብቱን ዙሪያ እዩ። በዕድሜ የመጣ ቀለም ከፍ ያለው ቅርጽ አጠገብ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ይለወጣል፣ ይሸሻል፤ የተቀባው ግን ሜዳ ያገኘ ይመስል በላያቸው ላይ ያልፋል። ከሁሉ የምተማመነው ግን በብርሃኑ ነው። ሳንቲም ሲመታ ብረቱ ወደ ዳር እየፈሰሰ ዐይን የማያያቸው መስመሮች ይተዋል፤ ያልተገለገሉበትን ሳንቲም ስታዞሩት ብርሃን እንደ መንኮራኩር ክንድ የሚዞረው ከእነሱ የተነሣ ነው። በእውነተኛው ላይ ያ ብርሃን ከቀለሙ ሥር ሕያው ሆኖ ይዞራል። ከቀለሙ ሥር የመፈግፈግ ጭረት ካያችሁ ደግሞ አትግዙ፤ መጀመሪያ ተፈግፍጎ በኋላ ቀለም የተሰጠው ሊሆን ይችላል።

የሳንቲም ደረጃ አውጪ ድርጅቶቹ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ሥራ የጀመረው ፒሲጂኤስና በ1987 የተከተለው ኤንጂሲ፣ ቀለሙን የተጠራጠሩትን ሳንቲም መደበኛ ደረጃ ይነፍጉታል። ባለሙያዎች የማይስማሙበት ሳንቲም አለ፤ ባለቤቱም ያዝናል። እኔ ግን ከጠርጣሮቹ ጋር ነኝ። አሥርት ዓመታት የፈጀውን ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ የጨረሰ ሰው እኩል ሊከበር አይገባም።

የእኛ ጠገራ ብርም ብር ነው! 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት የተቀረጸበት የማሪያ ቴሬዛ ታለር በእናታችሁ ሣጥን ካለ፣ ጠቆረ ብላችሁ በሎሚም በአመድም እንዳታሹት፣ አደራ! ሽፋኑ የሳንቲሙ የገዛ ገጽ ነው፤ ሲነሣ ከብሩም ይዞ ይሄዳል፣ ተመልሶም አይተካም። ብዙው ግራጫ ወይም ቡናማ ብቻ ነው፤ ግድ የለም፣ እሱም የራሱ ነው።

ፎቶግራፍ አይታችሁ ደግሞ አትርኩ፤ ፎቶ አንዷን ማዕዘን ብቻ ይዞ ይቀራል። የሳንቲም ትርኢት ስታገኙ ነጋዴውን አስፈቅዳችሁ ከአንድ አምፖል ሥር ተቀመጡ። በዕድሜ ቀለም ያወጣ ሳንቲም ገጹን ሳትነኩ ጠርዙን በሁለት ጣት ያዙና ሙሉ ዙር አዙሩት፤ ከዚያ በሰው እጅ ቀለም የተሰጠውን ከአጠገቡ አድርጋችሁ እንደገና አዙሩ።