የመኪና ውስጥ ስቲከር በጠርዙ ይፈተናል

አዲስ የተለጠፈ ስቲከር ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ያምራል። ካርቦን ፋይበር መሰሉም፣ የእንጨት መልክ ያለውም፣ አንጸባራቂ ጥቁሩም ዓይን ይስባል። አንድ ሰው እቤቱ ሆኖ የመኪናውን ዳሽቦርድና የበር ፓነል ካለበሰ በኋላ «እስቲ እየው» ሲል ግን ነገሩን የሚያውቅ ተመልካች መሃሉን አያይም። በሩን ከፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ ጠርዙን ይመረምራል፤ ጥፍሩን ከፕላስቲኩ ወደ ስቲከሩ ቀስ አድርጎ ያንሸራትታል። ጥፍሩ ከተደናቀፈ ፍርዱ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

በጥሩ ሥራ ላይ የስቲከሩ መጨረሻ ከፊት አይታይም። ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ጀርባ ታጥፎ እዚያው ይለጠፋል። ይህ የሚሆነው ክፍሉ ከመኪናው ሲወጣ ነው። በብዙ ቶዮታዎች የመስኮት መቆጣጠሪያው ፓነልና የሬዲዮው ዙሪያ በአብዛኛው በክሊፕ የተያዙ ስለሆኑ በፕላስቲክ መፈልቀቂያ ይነሳሉ። ቸኩሎ በካቻቢቴ የፈለቀቀ ሰው ጠርዙን ጎርዶ ይተወዋል። ሳያወጣ እዚያው እንዳለ በላማ የከረከመውም አይደበቅም፤ ከስቲከሩ አጠገብ ባለው ፕላስቲክ ላይ ቀጭን ጭረት ይቀራል። ስቲከሩ አንድ ቀን ቢነሳ እንኳ ጭረቱ አብሮት አይሄድም።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ስቲከሩ የተሠራበት ቪኒል ዓይነት ነው። ካስት የሚባለው ፈሳሽ ፒቪሲ በስሱ ፈስሶ በምድጃ የሚደርቅ ሲሆን ውፍረቱ 50 ማይክሮን አካባቢ ነው። ካሌንደርድ የሚባለው ደግሞ ትኩስ ፒቪሲ በከባድ ሮለሮች መካከል ተዳምጦና ተስቦ የሚሠራ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ75 እስከ 100 ማይክሮን ይደርሳል። ልዩነቱ ከዋጋ ያለፈ ነው። ሲሠራ የተሳበ ቪኒል መሳቡን አይረሳም፤ ሙቀት ባገኘው ቁጥር ሊሰበሰብ ይፈልጋል። ሲሰበሰብ ሙጫው ጠርዙ ላይ ራቁቱን ይቀርና አቧራ ይይዛል። ከጥቂት ወራት በኋላ በፓነሉ ዙሪያ የሚታየው ጥቁር መስመር ምንጩ ይህ ነው። ካሌንደርድ ለጠፍጣፋ የማስታወቂያ ሰሌዳ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ለማርሽ ዙሪያ ግን አይሆንም። የስሪ ኤም 2080 እና የአቬሪ ዴኒሰን የመኪና ማልበሻዎች ካስት ናቸው።

የእጅ ሙያ የሚለየው ጎድጓዳው ቦታ ላይ ነው። ወደ ውጭ ያበጠን ነገር ማልበስ ቀላል ነው፤ ቪኒሉ በተወጠረ ቁጥር እየጠበቀ ይቀመጣል። የኩባያ ማስቀመጫው ወይም የበር እጀታው ጉድጓድ ግን ተቃራኒ ነው። ጀማሪ ቪኒሉን በጉድጓዱ አፍ ላይ ይወጥርና ዳር ዳሩን ካጣበቀ በኋላ ከላይ አሙቆ ወደ ውስጥ ይጫነዋል። ለጊዜው ይቀመጣል። ከሳምንታት በኋላ ግን ከታች ተነስቶ ድንኳን ይሠራል፤ በጣት ሲጫኑት ገባ ይልና መልሶ ብቅ ይላል። የሚያውቅ ሰው ከጉድጓዱ ይጀምራል፤ ውስጡን መጀመሪያ አስቀምጦ ወደ ዳር ይወጣል። ጉድጓዱ በጣም ጥልቅ ከሆነ ደግሞ ለብቻው ቆርጦ ያለብሰዋል፤ መጋጠሚያውን ፕላስቲኩ በተፈጥሮው በታጠፈበት መስመር ላይ ያሳርፈዋል። እንዲህ ዓይነት መጋጠሚያ ነውር አይደለም። ያለ መጋጠሚያ ለመጨረስ ሲባል እስኪነጣ የተወጠረ ቪኒል ነው ነውሩ።

የተወጠረው ቦታ ሁሉ በመጨረሻ ከ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንዲሞቅ አምራቾቹ ይመክራሉ። ያኔ ቪኒሉ አዲሱን ቅርጹን ይቀበላል። የፀጉር ማድረቂያ ቪኒሉን ለማለስለስ ያህል ይረዳል፤ ለዚህኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ አቅም ያንሰዋል። ይህን ደረጃ የዘለለ ሥራ ፈተናውን ከፀሐይ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በሆነ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ በበጋ ለአንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ የቆሙ መኪኖች ዳሽቦርድ በአማካይ 69 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሷል። የአዲስ አበባ አየር ቀዝቀዝ ያለ ቢሆንም ከፊት መስታወት ስር የሚያርፈው ፀሐይ የዋዛ አይደለም፤ አዳማና ድሬዳዋ ደግሞ ከዚያ ይብሳሉ። ስለዚህ ሥራውን በተለጠፈበት ቀን ማድነቅ ችኮላ ነው።

ጥለት ያለው ስቲከር ሐሰት አይናገርም። የካርቦን ፋይበር መሰሉ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ጥግ ላይ ተጣመው ከታዩ ቪኒሉ እዚያ ጋ ከመጠን በላይ ተስቧል። የተቦረሸ ብረት መሰሉ ከአንድ ጥቅል ቢቆረጥም፣ አንዱ በቁሙ ሌላው በአግድሙ ከተቀመጠ ሁለት የተለያየ ቀለም ይመስላል። የእንጨቱ መስመርም ከዳሽቦርዱ ወደ በሩ በአንድ አቅጣጫ መፍሰስ አለበት። እንጨት መሰል ልጣፍን የናቀ ሰው ካለ፣ ፎርድ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ እስከ 1991 የሠራው ካንትሪ ስኳየር የተባለው መኪና የሚታወቀው በጎኑ ላይ በለበሰው እንጨት መሰል ልጣፍ መሆኑን ያስታውስ። ልጣፍ መሆኑ አያሳፍርም፤ ያለ ጥንቃቄ መለጠፉ ነው የሚያሳፍረው።

ንጽህናው ብዙ ወሬ አይፈልግም። ዳሽቦርድ ማብረቂያ ቅባቶች በአብዛኛው ሲሊኮን አለባቸው፤ ቅባቱ በአልኮል ካልተጠረገ ሙጫ አይዝም። ከስር የቀረች አንዲት የአቧራ ቅንጣት በአንጸባራቂ ጥቁር ላይ እብጠት ሆና ትታያለች። ሸካራ ፕላስቲክም ያታልላል፤ ሙጫው የሸካራውን ጫፍ ጫፍ ብቻ ስለሚይዝ ቶሎ ይለቃል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ስለ ውበት መነጋገር አያስፈልግም። በተሳፋሪው ፊት ያለው የኤርባግ ክዳን፣ የመሪው መሃል፣ መጋረጃ ኤርባግ ባላቸው መኪኖች ደግሞ የመስታወቱ ዳር ምሰሶዎች መልበስ የለባቸውም። ኤርባጉ የሚወጣው ክዳኑ በተዘጋጀለት ስፌት ሲቀደድ ነው፤ በላዩ የተጣበቀ ነገር መውጫውን ሊያውክ ይችላል። እዚያ ላይ የተለጠፈ ስቲከር የቱንም ያህል ቢያምር ሥራው ወድቋል፤ ዛሬውኑ ይነሳ።

እቤታችሁ ልትሞክሩ ያሰባችሁ ከበሩ የመስኮት መቆጣጠሪያ ፓነል ጀምሩ። ትንሽ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል፣ ቢበላሽም ቪኒሉ ሞቅ ተደርጎ ይላጥና በሌላ ይተካል። ጨርሳችሁ መልሳችሁ ከገጠማችሁት በኋላ መኪናውን ለጥቂት ሳምንታት ፀሐይ ላይ እያቆማችሁ ተከታተሉት፤ ጠርዙ ካልተነሳ ዳሽቦርዱን ፍቱ።