ሙት ወቃሽ ወይስ ሙት አስታዋሽ?
የሪቻርድ ጎፍ «የሚድል ታሪክ» ሲመረመር

አማርኛ ተናጋሪ ስለ ሞተ ሰው ጥፋት ሊያነሣ ሲል አስቀድሞ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል። ይህን ብሎ ግን ዝም አይልም፤ ይናገራል። ከቃሉ በኋላ የሚከተለው ወሬም ብዙውን ጊዜ በለቅሶ ቤት ከተነገረው ምስጋና ይልቅ የሟቹን መልክ አጉልቶ ያሳያል። ከሦስት መቶ ዓመታት በፊት በአንዲት የእንግሊዝ አጥቢያ ይኖር የነበረ ሪቻርድ ጎፍ የተባለ ገበሬ የጎረቤቶቹን ሙታን በስማቸው እየጠራ፣ በጎውንም ክፉውንም ሳይሸሽግ ጽፎላቸዋል፤ ወይም ጽፎባቸዋል። መጽሐፉ «የሚድል ታሪክ» በሚል ስም ይታወቃል። የቤተሰቡን ታሪክ በጽሑፍ ለማስቀመጥ የሚያስብ ሰው ሊያነበው የሚገባ መጽሐፍ ነው፤ ሊጠነቀቅለትም ይገባል።

ሚድል በእንግሊዝ ምዕራባዊ ወገን፣ በሽሮፕሺር አውራጃ፣ ከሽሩስበሪ ከተማ በስተሰሜን የምትገኝ አጥቢያ ናት። ጎፍ የተወለደው በዚችው አጥቢያ በምትገኝ ኒውተን በተባለች መንደር በ1635 ሲሆን (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ በ1723 በ88 ዓመቱ አርፏል። ላቲን የተማረ፣ በወጣትነቱ ለአንድ ባላባት በጸሐፊነት ያገለገለ፣ የራሱ መሬት ያለው ገበሬ ነበር። መጽሐፉን የጻፈው ከ1700 እስከ 1702 ባሉት ዓመታት፣ በሽምግልናው ነው። የመጀመሪያው ክፍል የአጥቢያዋን ወሰን፣ ቤተ ክርስቲያንና ጥንታዊ ነገሮች ይዘረዝራል። ሁለተኛው ክፍል ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ስላሉት መቀመጫዎችና የመቀመጫዎቹ ባለ መብት ስለሆኑት ቤተሰቦች ይተርካል። የመጽሐፉ ዝና ያረፈው በዚህ በሁለተኛው ክፍል ላይ ነው።

የጎፍን ሥራ ዋጋ ለመረዳት አስቀድሞ እንግሊዛውያን አያቶቻቸውን የሚፈልጉበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1538 የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሹም የነበረው ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲያሰፍር አዘዘ። በ1598 ደግሞ በወረቀት የነበረው ወደ ብራና እንዲገለበጥና በየዓመቱ ቅጂው ለጳጳሱ እንዲላክ ተደነገገ። መንግሥት ራሱ ልደትንና ሞትን መመዝገብ የጀመረው በ1837 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ስለኖሩ ተራ ሰዎች የሚመረምር ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የአጥቢያውን መዝገብ ነው። መርማሪው ስም ያገኛል፤ ቀን ያገኛል፤ አንዳንዴም ከስሙ ጎን «ድኻ»፣ «መንገደኛ» ወይም «ዲቃላ» የሚል ቃል ያገኛል። ሰውየው ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበር ግን መዝገቡ አይነግረውም። መዝጋቢው ቄስ የተጠየቀው ማን እንደ ተጠመቀ፣ ማን እንደ ተጋባና ማን እንደ ተቀበረ እንጂ ማን እንዴት እንደ ኖረ አልነበረም።

ጎፍ ይህን ጉድለት የሞላበት ዘዴ ቀላልና ያልተጠበቀ ነው። በሚድል ቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበሮቹ በየቤቱ የተከፋፈሉ ነበሩ። ባላባቶቹ ከፊት፣ መሬት ያላቸው ገበሬዎች ከመካከል፣ ጎጆ ብቻ ያላቸው ድኾች ከኋላና ከዳር ይቀመጡ ነበር። የመቀመጥ መብቱ የሚከተለው ሰውየውን ሳይሆን እርሻውን ወይም ቤቱን ነው፤ ቤቱ ወደ ሌላ ሲተላለፍ ወንበሩም አብሮት ይተላለፋል። ጎፍ የወንበሮቹን አቀማመጥ በንድፍ ሣለና ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው እየተሻገረ በዚያ ላይ የተቀመጡትን ቤተሰቦች ከሩቅ ዘመን እስከ ራሱ ዘመን ድረስ ተረከ። ስለዚህ የእርሱ የቤተሰብ ታሪክ የደም ሐረግን ብቻ አይከተልም፤ ቦታንም ይከተላል። አንድ ወገን ሲነቅል ወይም ሲከስር ቀጣዩ ይገባል፤ በዚያው ወንበር ላይ የከበረውም የተዋረደውም ጎን ለጎን ይገኛል። የደም ሐረግ ብቻ ቢከተል ኖሮ መጻተኛው፣ ተከራዩና ዘር ሳይተካ የሞተው በመጽሐፉ ቦታ ባላገኙም ነበር።

ዘዴው ምን ያህል እንደ ሠመረ ለማየት ስለ እንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት የጻፈውን መመልከት ይበቃል። ጎፍ የ8 ወይም የ9 ዓመት ልጅ ሳለ በሚድል ኮረብታ ላይ ለንጉሥ ቻርልስ 1ኛ ወታደር ሲመለመል ተመልክቷል፤ ለተመልማዮቹ በሳምንት 14 ግሮት ደመወዝ እንደሚከፈል ሲታወጅም ሰምቷል። ከሃምሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ ሽማግሌው ይቆጥራል፤ ከሚድል፣ ከማርተንና ከኒውተን መንደሮች 20 ሰዎች ዘምተው 13ቱ ሞተዋል። እያንዳንዱን በስሙ ይጠራል። ከእነርሱ አንዱ ሪቻርድ ቻሎነር የተባለ ዲቃላ ነው። ከፊል ቀለቡን አጥቢያው እየሸፈነ አሳደገው፤ ጎረመሰና ሽሩስበሪ ሄዶ ተመለመለ፤ በጥቅምት 1642 በኤጅሂል ጦርነት ተሰለፈ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው አልተሰማም። ጎፍ በዚህ አያበቃም። ከሦስት መንደሮች ይህን ያህል ሰው ከሞተ በመላው እንግሊዝ ስንት ሺህ ሞቶ ይሆን ብሎ ያሰላል።

ቻሎነር በአገሩ አፈር አልተቀበረም፤ ሚስትና ልጅም እንደ ነበሩት አልተነገረም። የአጥቢያ መዝገብ ስለ እንዲህ ያለው ሰው አሟሟት የሚለው የለውም። የዘር ሐረግ የሚቆጥር ዘመድም አይመጣለትም። ዛሬ ስሙና ዕጣው የሚታወቀው አንድ ገበሬ ዲቃላነቱንም ሆነ የአጥቢያ ጡረተኛ መሆኑን ለመናገር ስላላፈረ ነው። ጨዋነት ቢይዘው ኖሮ ልጁም ከነሞቱ በጠፋ ነበር። በጎፍ እጅ ነውርን መናገር አንዳንዴ ሰውን ከመርሳት ማዳኛ ይሆናል ማለት ነው።

መጽሐፉ ሳቅም አይጎድለውም። ሪስ ዌንሎክ የተባለው ሰው ከባድ ዘረፋ የማይደፍር፣ ነገር ግን ሌሊት ሌሊት እየዞረ የሰው ዶሮና የሰው አጥር የሚለቅም ነበር። አንድ አሽከር ደረቅ እንጨት በስቶ ባሩድ ይሞላና ከአጥሩ መካከል ይሰካዋል። ዌንሎክ እንደ ልማዱ አጥሩን ነቅሎ ወስዶ ምድጃውን ሲያነድ የምድጃው ጣሪያ ይፈነዳል፤ የቤቱም ጥግ በእሳት ይያያዛል። በዚህች አጭር ታሪክ የማገዶ እጥረት፣ የጎረቤት ትዕግሥት ማለቅና ዳኛ ሳይጠሩ የሚፈጸም ቅጣት በአንድነት ይታያሉ።

ሆኖም ጎፍ ራሱ ወንበር ያለው ሰው ነው፤ ዓለምን የሚያየውም ከዚያው ከወንበሩ ላይ ሆኖ ነው። የመጽሐፉ ዋና ድክመት ከዚህ ይመነጫል። በ1662 የወጣው ሕግ አንድ ድኻ የሚረዳበት አጥቢያ የትኛው እንደ ሆነ የሚወስን በመሆኑ፣ አጥቢያዎች «ይህ ድኻ የእኛ አይደለም» እያሉ ይካሰሱ ነበር። ጎፍ እነዚህን ሙግቶች በመጽሐፉ ለብቻ ይተርካል። በዚያ ስፍራ ድኻው ታሪክ ያለው ሰው መሆኑ ይቀርና የግብር ከፋዮች ወጪ ሆኖ ይታያል። ሴቶችም በአብዛኛው የሚገቡት የእገሌ ሚስት ወይም የእገሌ ልጅ ሆነው ነው፤ ብዙ ጊዜም ስለ ባሕርያቸው ለመፍረድ ያህል። የቤተሰብ ውድቀት ምክንያት ሲፈልግ ቶሎ ብሎ የሚያገኘው መጠጥ ቤትን ነው፤ የእህል ዋጋን፣ የኪራይን መወደድና የዕዳን ጫና የዚያኑ ያህል አይመረምርም።

ወሬንና እውነትንም ሁልጊዜ አይለይም። ለንብረት ሲል የወንድሙን ልጅ በውሃ አፍኖ ስለ ገደለው ስለ ቶማስ ኤልክስ ሲተርክ፣ የሸሸውን ነፍሰ ገዳይ ሁለት ቁራዎች እየተከተሉ እንዳስያዙት ይናገራል። ለጎፍ ቁራዎቹ የእግዚአብሔር ምስክሮች ናቸው። የዛሬ አንባቢ ግድያውን ከምሳሌው መለየት ይኖርበታል። ታሪክ ጸሐፊው ዴቪድ ሄይ በ1974 ባሳተመው ጥናት የጎፍን ትረካ ከአጥቢያው መዝገብ፣ ከኑዛዜዎችና ከኪራይ ውሎች ጋር አስተያይቶ በአብዛኛው የሚታመን ሆኖ አግኝቶታል። ይህ ለሽማግሌው ትልቅ ምስክርነት ነው፤ የሚታመነው ግን ከመዝገቡ ጋር ተያይዞ ሲነበብ ነው። መዝገቡ ያለ ጎፍ ደረቅ ነው፤ ጎፍም ያለ መዝገቡ ሐሜት ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ለአማርኛ አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በጎጃምና በጎንደር ርስት በነበረበት ዘመን የዘር ሐረግ መቁጠር የሙግት መሣሪያ ነበር። ባላገሩ በአባቱም በእናቱም ወገን እስከ ዋናው አባት ቆጥሮ ድርሻውን ይጠይቃል። ለጋብቻም እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጠራል። የጎፍ ወንበር ለመብት ክርክር እንደ ተቈጠረ ሁሉ ይህም ቆጠራ ለጥቅም የተቆጠረ ነበር፤ ስለዚህ ድርሻ የማያስገኘው፣ ልጅ ያልወለደውና ያሳፈረው ከአፍ ይወድቃል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስት ሲሻር ከመቁጠሪያ ምክንያቶች ዋነኛው ቀረ። ከአገሩ ርቆ በናይሮቢ ወይም በካምፓላ ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ የሰባት አያት ስም ሊያስጠና ይችላል። ልጁ «ሦስተኛው አያቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ ግን ስም ብቻውን መልስ አይሆንም።

እዚህ ላይ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» የሚለው ልማድ ሊመረመር ይገባል። ልማዱ ከንቱ አይደለም፤ ሙት መልስ አይሰጥም፤ ልጆቹ ደግሞ በሕይወት አሉ። ጎፍም ቢሆን ልጆቻቸው ከጎኑ እየተቀመጡ ስለሚጸልዩ ሰዎች ነው የጻፈው። መጽሐፉ በእርሱ ዕድሜ አልታተመም፤ መጀመሪያ የወጣው ከሞተ ከመቶ ዓመታት በኋላ በ1834 ሲሆን፣ በ1875 ተሟልቶ ታተመ፤ በ1981 ደግሞ ሄይ ባዘጋጀው እትም ለብዙኃኑ አንባቢ ደረሰ። በእጅ ጽሑፍ መቆየቱ የጎረቤቶቹን ልጆች ከኀፍረት ጠብቋል። ለልጅ ልጆቻቸው ግን ሌላ ሰው ያላቆየላቸውን አቆይቶላቸዋል። መጻፍና ማሳተም የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የቤተሰቡን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ከዚህ ሊማር ይችላል።

«የሚድል ታሪክ» ፍጹም መጽሐፍ አይደለም። አወቃቀሩ ይዘበራረቃል፤ ላቲኑ ይበዛል፤ ፍርዱም በድኻና በሴት ላይ ይከብዳል። ይሁንና ሪቻርድ ቻሎነርን ያስቀረልን እርሱ ብቻ ነው። ጎፍ ሙታኑን ወቅሷል፤ ሲወቅሳቸው ግን በስማቸው ጠርቶ፣ የተቀመጡበትን ወንበር አሳይቶ፣ የወጡበትንና የቀሩበትን ተናግሮ ነው። ምስጋና ብቻ የሚያውቅ የቤተሰብ ታሪክ ለእንዲህ ያሉት ሰዎች ቦታ የለውም።