በአማርኛ የሚናገረው ክርስቶስ፦ የስቅለት ፊልሞችና የወሎ ጆሮ

በስቅለት ሰሞን ስለሚታዩ የኢየሱስ ፊልሞች ወልድያ ላይ ወሬ ሲነሣ ክርክሩ ሁልጊዜ ፊቱ ላይ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው «ኢየሱስ» ላይ የሚተውነው ብራያን ዲከን እንግሊዛዊ ነው፤ ዳይሬክተሩ ዜፊሬሊ በሠራው ሌላ የኢየሱስ ፊልም ላይ ያለው ሮበርት ፓወል ዓይኑ ሰማያዊ ነው። «የፈረንጅ ክርስቶስ» ይባልና ሂሱ እዚያው ይዘጋል።

ይህ ሂስ ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። ኩርዓተ ርእሱ የምንለው፣ አክሊለ ሦክ የደፋው የክርስቶስ ሥዕል የአውሮፓ ሠዓሊ እጅ ሥራ ነው። ነገሥታቱ ግን ወደ ዘመቻ ይዘውት ይወጡ ነበር፤ ሠዓሊዎቻችንም ደጋግመው እየቀዱ የራሳቸው አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆምስ እዚሁ ወሎ ውስጥ ካለው መቅደላ ሲወስደው፣ የጠፋብን የባዕድ ፊት ሳይሆን የገዛ ሥዕላችን ነበር። መልክ ይለመዳል።

ድምፅ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለመድም። እኛ ሕማማቱን የተማርነው በጆሯችን ነው። ግብረ ሕማማት በሕማማት ሳምንት ከሰኞ እስከ ዓርብ በየሰዓቱ ሲነበብ ሰጋጁ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ይሰማል እንጂ የሚያየው ነገር የለም። በዚህ ጆሮ ሲመዘን የ1979ኙ ፊልም የአማርኛ ትርጉም ደካማ ነው። ድክመቱም ከሁሉ በላይ የሚሰማኝ «አንተ» በምትለው ቃል ላይ ነው።

በወሎ ለታላቅ ሰው «አንቱ» ይባላል። «አንተ» ደግሞ ለእግዚአብሔርም፣ ለልጅም፣ ለሚናቅ ሰውም ይሆናል። ስለዚህ ጴጥሮስም መምህሩን «አንተ» ይለዋል፤ የሚዘብትበት ወታደርም «አንተ» ይለዋል። ጸሎትና ስድብ አንድ ቃል ሲጋሩ የሚለያቸው የድምፁ ለዛ ብቻ ነው። በትርጉሙ ውስጥ ይህ ልዩነት ለእኔ አልተሰማኝም፤ ሁለቱም ቃሉን አጥርተው፣ ዜና እንደሚያነብ ሰው ይጨርሳሉ። ምክንያቱ ይገባኛል። የአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ድምፅ ሰጪው የዲከን ከንፈር ሳይገጠም ግሡን ለማድረስ ይሮጣል። ስሜታችን የሚያርፈው ደግሞ ግሡ ላይ ነው። ቃና ቴሌቪዥን ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ሲያቀርብ ሙያው ምን ያህል ሊለሰልስ እንደሚችል አይተናልና፣ ይህ ጉድለት እንዳለ መቆየቱ ያሳዝነኛል።

የሜል ጊብሰን «የክርስቶስ ሕማማት» (እ.ኤ.አ. 2004) ግርፋቱን ከልክ በላይ ያበዛል፤ ያንን አልወድለትም። ነገር ግን ተዋናዮቹ በአራማይክ ሲናገሩ ቋንቋው የዘመድ ነው። ሰማይ «ሽማያ» ነው፣ ደም «ድማ»፣ ቤት «ባይታ»። አንድም የአማርኛ ቃል ያልተነገረበት ፊልም ከተተረጎመልን ይልቅ ለጆሯችን መቅረቡን ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

የ1979ኙ ፊልም የሚከተለው የሉቃስን ወንጌል ነው። ኢየሱስ ወደ ቀራንዮ ሲሄድ ደረታቸውን እየመቱ የሚከተሉትን ሴቶች ከአራቱ ወንጌላውያን የሚጠቅሳቸው ሉቃስ ብቻ ነው። ለወሎ ተመልካች ከዚህ የቀረበ ትዕይንት የለም፤ ሙሾ አውራጇን፣ ተቀባዮቿን፣ የደረት ምቱን ያውቀዋል። በፊልም ትርጉም የተለመደው አሠራር ግን ንግግሩን ተክቶ ሙዚቃውንና የሕዝቡን ድምፅ ከዋናው ፊልም እንዳለ መውሰድ ነው። ስለዚህ ኢየሱስ በአማርኛ ያናግራቸዋል፤ ልቅሷቸው ግን ሳይተረጎም ይቀራል።

አንድ ዓመት መርሳ ላይ፣ ጾሙ ከተፈታ በኋላ፣ ይኸው ፊልም በተከፈተበት ቤት ቡና ሊጠጡ የመጡ አንዲት ሙስሊም ጎረቤት ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥተው ተቀመጡ። የቤቷ እመቤት «ወዲህ ዙሩ እንጂ፣ እናታለም» ብትላቸው፣ «የነቢይ መልክ አይታይም፤ ጆሮዬ ይበቃኛል» አሏት። ስኒያቸውን ይዘው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። መስቀሉ ከብዶት ሲወድቅ፣ የእንጨቱን ድምፅ ብቻ ሰምተው «እኔን!» አሉ። የቤቷ እመቤት «እኔን ልጄን!» ብላ ተቀበለቻቸው፤ ከጓዳ ሌላዋ ተከተለች። መርሳ ባለችበት በሀብሩ ልቅሶ የሚነሣው እንዲህ ነው። የፊልሙ ሴቶች በዚያው ሰዓት የማንም ቋንቋ ያልሆነ ጩኸት ይጮኹ ነበር።