«ኦኬ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል፤ ትርጉሙና ምንጩ

በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አፍ ዘወትር ከሚሰሙት ቃላት አንዱ «ኦኬ» ነው። የእኛም አገር ከተሜ ሳያስተረጉም ይናገረዋል። ስለ አመጣጡ ግን የሚወራው ብዙ፣ የሚመረመረው ጥቂት ስለ ሆነ፣ በዚህች አጭር ጽሑፍ በመጀመሪያ ትርጉሙን፣ ቀጥሎም ስለ ምንጩ የቀረቡትን አስተያየቶች እንመለከታለን።

ብዙ ሰው «ኦኬ» ማለት «እሺ» ማለት ነው ይላል። ይህ በከፊል እውነት ነው፤ «ነገ ና» ለተባለ ሰው ሁለቱም መልስ ይሆናሉ። ነገር ግን እንግሊዛዊው ስለ ምግቡ ተጠይቆ «ኦኬ ነው» ሲል «ደኅና ነው፤ ብዙም የሚያስመሰግን አይደለም» ማለቱ ነው፤ በዚህ ቦታ «እሺ» አይገባም። አስተማሪው «ኦኬ» ብሎ ትምህርቱን ሲጀምር «በሉ እንግዲህ» ማለቱ ነው። አለቃው «ኦኬ ሰጠ» ሲባል ደግሞ «ፈቀደ» ማለት ነው። እንግሊዝኛው አንድ ሲሆን አማርኛው ቢያንስ አራት ነው።

ወደ ምንጩ ስንመጣ፣ አለን ዎከር ሪድ የተባሉት አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ በ1963 እና በ1964 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) «አሜሪካን ስፒች» በተባለው መጽሔት ተከታታይ ጽሑፎች አውጥተዋል። በእነዚህም ቃሉ ማርች 23 ቀን 1839 «ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት» በተባለው ጋዜጣ ታትሞ እንደሚገኝ አሳይተዋል። በዚያን ጊዜ የቦስተን ጋዜጠኞች ሆን ብለው ፊደል እያሳሳቱ ቃላትን ማሳጠር እንደ ጨዋታ ይዘውት ነበር። «ሁሉም ትክክል» የሚለውን «ኦል ኮሬክት» በኤና በሲ መጀመር ሲገባው፣ በኦና በኬ ጀምረው አሳጠሩት፤ ጋዜጣውም ፍቺውን ከአጠገቡ ጻፈለት። ሌሎቹ አሕጽሮቶች ሲጠፉ ይህ የቀረው፣ እንደ ሪድ አስተያየት፣ በ1840 ምርጫ ምክንያት ነው። ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢዩረን የኪንደርሁክ ተወላጅ ስለ ነበሩ፣ ደጋፊዎቻቸው «ኦልድ ኪንደርሁክ» በማለት ሁለቱን ፊደሎች የክበባቸው ስም አደረጓቸው። ፕሬዚዳንቱ ተሸነፉ፤ ቃሉ ግን ጸና።

ሌሎች ምንጩን ቾክታው ከተባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ ያመጡታል፤ ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰንም ይህን አምነው በዚያው ቋንቋ አጻጻፍ ይጽፉት ነበር። የአፍሪካ ቋንቋዎች ሊቅ ዴቪድ ዳልቢ ደግሞ በ1970 ግድም፣ የምዕራብ አፍሪካ ወሎፎች «አዎን»ን የሚያጠብቁበት «ዋው ኬ» የሚለው አነጋገር በባርነት ከተጋዙት ሰዎች ጋር አሜሪካ ሳይገባ አልቀረም አሉ።

እኛ አፍሪካውያን ይህን የመጨረሻውን ብንወደው አያስደንቅም፤ ነገር ግን መውደድ ማስረጃ አይሆንም። ሁለት አጫጭር ድምፆች በአጋጣሚ የሚመሳሰሉባቸው ቋንቋዎች ብዙ ናቸው። በሌላ በኩል የሪድም ዘዴ ወሰን አለው። የታተመ ጋዜጣ የሚያረጋግጠው ቃሉ በዚያ ቀን መኖሩን ነው እንጂ ከዚያ በፊት በማንም አፍ አለመኖሩን አይደለም፤ በባርነት የነበሩት ሰዎችም ማተሚያ ቤት አልነበራቸውም። ይህን ከራሳችን ቋንቋ እናውቀዋለን። ከሚታወቁት የአማርኛ ጽሑፎች የቀደሙት በ14ኛው ምዕተ ዓመት ከዐፄ ዓምደ ጽዮን ጀምሮ ለነገሥታት የተገጠሙት ናቸው፤ ስለዚህ አማርኛ ያን ጊዜ ተወለደ የሚል ግን የለም።

ቢሆንም የሪድ አስተያየት ከሌሎቹ ይበልጣል እንላለን፤ ቀን አለው፣ ቦታ አለው፣ ጸሐፊው ራሱ የጻፈው ፍቺም አለው። የዳልቢ አስተያየት ከ1839 በፊት የተመዘገበና «እሺ» የሚል ትርጉሙ የማያጠራጥር ንግግር እስኪገኝለት ድረስ ጥያቄ ሆኖ ይቆያል። በየአገሩ ቃላት ለምንሰበስብ ተማሪዎችም ትምህርቱ ይኸው ነው፤ የአንድን ስም ፍቺ ድምፁን ቆራርጠን ከመተርጐም በፊት ማን፣ የት፣ መቼ እንደ ተናገረው እንጻፍ።