ማሾ ለመሬቱ የሚተወው

ደብረ ሲና ላይ ገብስና ባቄላ ይፈራረቃሉ፤ ቁልቁል ወርደው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ተራው የማሽላ፣ የጤፍና የማሾ ነው። ሰብሉ ቢለያይም የገበሬው ተስፋ አንድ ነው፦ ጥራጥሬ የተዘራበት መሬት ይወፍራል። የአፈር ናሙና ልወስድ ማሳ ስገባም «ዓምና ማሾ ነበረበት፤ ዘንድሮ ማዳበሪያውን ልተወው?» የሚለኝ አይጠፋም።

የላቦራቶሪ ወረቀት ብቻውን ይህን አይመልስም። ማሾ ይጨምራል የሚባለውን የናይትሮጅን ሒሳብ እንየው። አንድ ሄክታር እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት 2,000 ሜትር ኩብ አፈር ይይዛል። አንዱ ሜትር ኩብ 1.2 ቶን ቢመዝን 2,400 ቶን ይሆናል። ጠቅላላ ናይትሮጅኑ 0.1 በመቶ ከሆነ 2,400 ኪሎ ነው፤ አብዛኛው ከብስባሹ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ተክሉ ቶሎ አያገኘውም። ማሾው 30 ኪሎ ጨመረ እንበል፦ ቁጥሩ ከ0.1 ወደ 0.101 ግድም ቢሄድ ነው። በአንድ ማሳ ላይ ከጥግ ጥግ ያለው ልዩነት ከዚህ ይበልጣል።

ናሙና አወሳሰድ ላይ የምንጠነቀቀውም ለዚሁ ነው። ማሳውን ዚግዛግ እየሄድን ከ15 እስከ 20 ቦታ እንቆፍራለን፤ አሮጌ በረት፣ አውድማ፣ ኩይሳና የግራር ጥላ ሥር ግን አንነካም። ከበረት የተገኘ አንድ እፍኝ አፈር የማሳውን ቁጥር ሁሉ ያሳብጠዋል። ባልዲ ውስጥ ደባልቀን አንድ ኪሎ ያህል እናስቀርና ጥላ ላይ እናደርቃለን።

ማሾው ለመሥራቱ ምልክቱ ሥሩ ላይ አለ። አበባ ሲያወጣ አንዱን ተክል በዶማ ከነአፈሩ አውጥቼ በውኃ አራግፈዋለሁ። ሥሩ ላይ ጥቃቅን እባጮች ይታያሉ፤ አንዱን በጥፍሬ ስሰነጥቀው ውስጡ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያው ከአየር ናይትሮጅን እየያዘ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ማሾውም እንደ ማሽላው ከአፈሩ እየበላ ነው ማለት ነው።

ቀይ ቢሆንም ነገሩ አያልቅም። ከተያዘው ናይትሮጅን ብዙው ወደ ፍሬው ይሄዳል፤ ፍሬው ገበያ ይወጣል። ተክሉ ከነሥሩ ተነቅሎ ገለባው ለከብት ከሆነ፣ ኩበቱም ከነደደ፣ ለመሬቱ የሚተርፈው እምብዛም ነው። በማጭድ ታጭዶ ሥሩ ቢቀር የተሻለ ነው።

ፎስፈረስ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ከአየር አይመጣም፤ ማፈራረቅ አይፈጥረውም። እንዲያውም ማሾው ራሱ ይፈልገዋል። ወረቀቱ እዚህ ላይ ይረዳል፦ በኦልሰን ዘዴ የተለካው በኪሎ አፈር ከ10 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ዝቅተኛ ነው እንላለን። በመስኖ ሽንኩርት የቆየ ማሳ ግን ከተጨመረለት ማዳበሪያ የተረፈ ሊኖረው ስለሚችል ለብቻው ይለካ።

ስለዚህ ገበሬውን የምመክረው ይህን ነው፦ ከማሾው ቀጥሎ ለሚዘራው ማሽላ ፎስፈረስ ያለበትን ማዳበሪያ፣ ኤንፒኤሱን፣ እንደ ወትሮው ጨምር፤ ዩሪያ ስትበትን ግን መሐል ላይ ጥቂት ቦይ ዝለል። ሲደርስ ዩሪያ ያገኘውንና የተዘለለውን ለየብቻ መዝን። ልዩነት ካላየህ ከርሞ ዩሪያውን ትቀንሳለህ፤ ኤንፒኤሱን ግን ወረቀቱ ሳይፈቅድ አትንካው።