ሰነድ ከፍርድ በኋላ ሲመጣ፦ የውጫሌ ውል በታሪክ ክፍል ውስጥ

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በዘመናዊ የኢትዮጵያ ታሪክ ትምህርት ስሙ ዘወትር የሚነሣ፣ ቃሉ ግን እምብዛም የማይነበብ ሰነድ ነው። በተለመደው አቀራረብ መምህሩ ኢጣልያ በ17ኛው አንቀጽ እንዳታለለች በቅድሚያ ያስረዳል፤ ከዚያ በኋላ አንቀጹን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። በዚህ ቅደም ተከተል ሰነዱ ማስረጃነቱ ይቀርና አስቀድሞ ለተሰጠ ፍርድ ማኅተም ይሆናል። ተማሪው የሚመረምረው ነገር አልተተወለትም።

ይህ ሲባል ፍርዱ መሠረት የለውም ማለት አይደለም። የአማርኛው ጽሑፍ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት ለመጠቀም እንደሚቻላቸው ሲገልጽ፣ የኢጣልያንኛው በዚሁ መንገድ ለመጠቀም እንደተስማሙ ይናገራል። የሮማ መንግሥት በ1882 ዓ.ም. መጀመሪያ ይህንኑ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታውቆ የሞግዚትነት መብት ጠየቀበት። ዳግማዊ ምኒልክ በመስከረም 1883 ዓ.ም. ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጽፈው ልዩነቱን አመለከቱ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ። ከዓድዋ ድል በኋላም በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌን ውል ሻረው። ጥያቄው ተማሪው ወደዚህ ግንዛቤ በንባብ ደረሰ ወይስ ተነገረው የሚለው ነው።

ትልቁ ጉድለት 17ኛው አንቀጽ ብቻውን ተቆርጦ መቅረቡ ነው። ውሉ 20 አንቀጾች አሉት። ከእነዚህ መካከል 19ኛው አንቀጽ የአማርኛውና የኢጣልያንኛው ጽሑፍ ፍጹም ስለሚስማሙ ሁለቱም እኩል የታመኑ ናቸው ይላል። ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን ያነበበ ተማሪ ማንም ሳይነግረው ይጠይቃል፦ መስማማታቸውን ያረጋገጠው ማን ነው? ካልተስማሙስ የትኛው ያስራል? 3ኛው አንቀጽ ደግሞ ወሰንን የሚመለከት ሲሆን አሥመራን በኢጣልያ በኩል ያስቀራል። ይህን ያየ ክፍል የተንኰሉን ታሪክ ብቻ ይዞ ሊወጣ አይችልም፤ ምኒልክ በዚያን ጊዜ ከውሉ ምን ይፈልጉ ነበር ወደሚለው፣ መምህሩን ወደሚያስጨንቀው ጥያቄ ይገባል። መጨነቁ ግን ለትምህርቱ ይበጃል።

ሌላም ብዙ ጊዜ የማይስተዋል ችግር አለ። የኢትዮጵያ ተማሪ የአማርኛውን ቃል በቀጥታ ሲያነብ የኢጣልያንኛውን የሚያገኘው በትርጉም ነው። የውጫሌን ውል ያበላሸው የትርጉም ጉዳይ በዚያው ክፍል ውስጥ ይደገማል ማለት ነው። ስለዚህ መምህሩ ትርጉሙን ከየት እንዳገኘው ሊናገር፣ ቢቻልም ሁለት የተለያዩ ትርጉሞችን ሊያቀርብ ይገባዋል። ስቬን ሩበንሰንና ካርሎ ጂሊዮ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ስለዚሁ አንቀጽና የኢጣልያ መልእክተኛ ስለነበረው ስለ አንቶኔሊ ኃላፊነት በጽሑፍ ተከራክረዋል። ሊቃውንት ተመሳሳይ ወረቀቶችን ይዘው የተከራከሩበትን ነገር ለተማሪ እንደተዘጋ ፋይል መስጠት አይገባም።

የሰነድ እጥረት እንደ ምክንያት ይቀርባል፤ በከፊል እውነት ነው። ይሁን እንጂ አንድ ውል በሁለት ገጽ ተባዝቶ ለክፍሉ ሊዳረስ ይችላል። ስለ መሬትና ስለ ግብር ሥርዓት ለሚሰጠው ትምህርትም በ1942 ዓ.ም. የታተመው የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» ብዙ ነገር ይዟል።

ይልቁንም ዋናው እንቅፋት ፈተናው ነው። ፈተናው የፊርማውን ዓመተ ምሕረትና የአንቀጹን ቁጥር ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ ለንባቡ ሁለት ክፍለ ጊዜ የሚሰጥ መምህር ጊዜ እንዳባከነ ይቈጠራል። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች 17ኛውንና 19ኛውን አንቀጽ በፈተናው ወረቀት ላይ አትመው፣ እያንዳንዱ መንግሥት ለክርክሩ በየትኛው ቃል ሊደገፍ እንደሚችል ተማሪው እንዲያስረዳ ቢጠይቁ፣ የክፍሉ አሠራር ያለ ምንም መመሪያ በዚያው ዓመት ይለወጣል።